ወደብ የምትስለው ራዚያ

ኤርጎጌ ወራቤ ላይ የሞተች ቀን፣ ልጇ ራዚያ ጆሃንስበርግ፣ ዱርንፎንቴን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ መርከብ የሚጠጋበት ግንብ ስትስል ነው የዋለችው። ረመዳን ነበር። የኮሮናው ሎክዳውን ገና ጠበቅ ያለበት ጊዜ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል። ከታች አልፎ አልፎ የፖሊስ መኪና ነው የሚሰማው።

ስልኩ የመጣው ለሷ አይደለም። ለአጎቷ ለአብዱልሀፊዝ ነው የመጣው። እሱ ምድር ቤት ብርድ ልብስ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ሱቁ ቢዘጋም ጠዋት ጠዋት እየወረደ ቦንዳዎቹን ያያል፤ ሌላ የሚያየው ነገር ስለሌለ ነው። የራዚያ ወንድም ሚስባህ ነው የደወለው።

"አጎቴ፣ እማዬ ወደ አኼራ ሄደች" አለው።

አብዱልሀፊዝ ኢናሊላሂ አለ። ሟቿ የእናቱ ልጅ ናት፤ ታላቅ እህቱ ናት፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ቦንዳው ላይ ተቀመጠ።

"ራዚያ እንዳትሰማ" አለ ሚስባህ።

"አትሰማም" አለ አብዱልሀፊዝ።

ማታ ለኢፍጣር ወጣ። ራዚያ ቴምሩን አቀበለችውና ፊቱን አየችው።

"ዓይንህ ምን ሆኗል?"

"የብርድ ልብሱ ብናኝ ነው።"

"ማስክ አድርገህ ውረድ አላልኩህም?" አለችው። በዚህ አለፈ።

ራዚያ እዚህ ሀገር የመጣችው ልጅ ሆና ነው። አጎቷ ያኔ ቶኮዛ ውስጥ ስፓዛ ነበረው፤ ስፓዛ ማለት በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆነህ ዳቦና የሞባይል ካርድ የምትሸጥበት ሱቅ ነው። እዛው ፍርግርግ ውስጥ አደረች፣ እዛው አጠናች። ዙሉውን ከደንበኞች ለቀመች፣ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤት። እናቷ አንድ ጊዜ መጥታ አይታታለች። አየሩ አልተስማማትም፣ ተመለሰች። ከዛ በኋላ የስኳር በሽታ ያዛት፣ ኩላሊቷንም አብሮ።

ራዚያ ኮሌጅ ገብታ በኮምፒውተር ንድፍ መሳል ተማረች። ሮዝባንክ አንድ የመሐንዲሶች ቢሮ ውስጥ ተቀጠረች። ኢንጂነር አይደለችም። ኢንጂነሮቹ ያሰቡትን መስመር በመስመር የምትስል ናት። ሎክዳውን ሲመጣ ላፕቶፗን ይዛ ቤት ገባች፣ የምግብ ጠረጴዛው የሷ ቢሮ ሆነ፣ እኛም የህንጻው ሀበሾች ሁላችን ወደብ ምን እንደሆነ የተማርነው ያኔ ነው።

ወደቡ አውሮፓ፣ ሰሜን ጫፍ ላይ ያለ አሮጌ ወደብ ነው። ድሮ ዓሣና ከሰል ይራገፍበት ነበር። አሁን ባህሩ ውስጥ የነፋስ ተርባይን ሊተክሉ ነው፣ መብራት የሚያመነጨውን። ተርባይኑ ደግሞ ዝም ብሎ መርከብ ላይ አይጫንም። ምሰሶው መጀመሪያ ወደቡ ላይ ቆሞ ይገጣጠማል፤ ያን ሁሉ ብረት የድሮው ግንብ አይችለውም፤ ከነመሬቱ ባህር ይገባል። ስለዚህ ግንቡ እንደገና ይሠራል፣ ከሥሩ ብረት ይቀበራል፣ የባህሩ ወለል ይቆፈራል፣ አሮጌ መጋዘኖች ይፈርሳሉ። የተርባይኑ ክንፍ አንዱ ብቻ ከኛ ህንጻ ቁመት ይበልጣል። እሱን የጫነ መኪና በየት በኩል ዞሮ እንደሚገባ መሳል የራዚያ ሥራ ነበር። አንድ ኩርባ ላይ ብዙ ጊዜ ፈጀች።

መርከቧም እንደሌላ መርከብ አይደለችም። እግር አላት። ግንቡ አጠገብ ስትደርስ እግሮቿን ወደ ባህሩ ወለል ታወርድና ራሷን ከውሃው ከፍ ታደርጋለች፤ ማዕበል እንዳይነቀንቃት። ስትሄድ የእግሯ ጉድጓድ እዛው ይቀራል። ሌላ ጊዜ ስትመጣ እግሯ አሮጌው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ካረፈ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከሥር ጠጠር ይሞላል፣ ጠጠሩ እስከ የት እንደሚሞላ ይሳላል።

ራዚያ ይሄን ሁሉ ስታስረዳ አብዱልሀፊዝ ይሰማና፣ "ነፋስ ፍለጋ ባህር ድረስ ምን አስኬዳቸው?" ይላል። "እዚህ ሰፈራችን ኩርባ ላይ ይትከሉት። ነሐሴ ላይ ሰው ይጥላል።"

"እዚህ ቢተክሉትማ ሽቦውን ማታውኑ ይሰርቁታል።"

"እሱስ እውነት ነው።"

ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ባንችይርጋ ደግሞ ጄፒ መንገድ ላይ የስልክ ሽፋን የምትሸጥ ሴት ናት፣ አፏ አያርፍም። ራዚያን ደረጃ ላይ ካገኘቻት፣ "እኛ ወደብ የለን፣ ጆሃንስበርግ ወደብ የላት፣ አንቺን ማን ወደብ ሠሪ አደረገሽ?" ትላታለች። "ሲያልቅ አንዱን ጥግ ለሀገርሽ አስቀሪላት።" ራዚያ ትስቃለች።

ኤርጎጌ ከሞተች በኋላ ባንችይርጋ መቀለድ አቆመች። ራዚያን ስታይ "እንዴት ነሽ የኔ እናት" ብላ ግድግዳውን ትይዛለች። ራዚያ ግራ ገባት። "ባንችይርጋ ምን ሆናለች? ተጣላን እንዴ?" ብላ መሪማን ጠየቀቻት። መሪማ የአብዱልሀፊዝ ሚስት ናት። "ገበያ ጠፍቶባት ነው" አለቻት።

የህንጻው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሀበሻ የሆነው ሁሉ ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከሟች ልጅ በስተቀር ለሁሉም ነው የሚነገረው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማስረዳት አያስፈልግም። በማለዳ ነው፣ ሰውየው ገና ከመኝታው ሳይርቅ፣ ሽማግሌ ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ። እዚህ ሀገርም እንደዛው ነው የኖርነው። አንድ ሰው ሀገር ቤት ዘመድ ሞተበት ከተባለ ከክሊፕታውንም ከቶኮዛም መኪና ይሰበሰባል፣ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ዳር ተገናኝተው ነው አንድ ላይ በሩን የሚያንኳኩት። የሚይዝ ሰው መኖር አለበት። አብሮ የሚያለቅስ፣ ውሃ የሚያቀርብ፣ አጠገብ የሚያድር ሰው መኖር አለበት። በስልክ መርዶ አይነገርም። አንድ ሰው ብቻውንም ሄዶ አይናገርም።

አብዱልሀፊዝ ክሊፕታውን ለሚኖሩት ለጋሽ ተማም ደወለ። ጋሽ ተማም የወራቤ አካባቢ ሰው ሁሉ የሚሰማቸው ሽማግሌ ናቸው። ያለሳቸው መርዶ ተነግሮ አያውቅም።

"ቤትህ ስንት ሰው አለ?" አሉት።

"እኔ፣ መሪማ፣ እሷ።"

"ሁለት ሰው ለመርዶ? ልጅቷ ብትወድቅስ? ብትሮጥስ? ሦስተኛ ፎቅ ነው ያላችሁት።"

"ታዲያ ምን ይሻላል ጋሽ ተማም?"

"እኔ ሳልመጣ እንዳትናገር። መንገዱ ሲከፈት ሰው ይዤ እመጣለሁ።"

"አሁን ቢመጡስ?"

"አሁንማ ፖሊሱ የኔንም መርዶ ያስነግራል።"

መንገዱ ግን የተከፈተው ለሥራ ነው። ሰው ቤት መሄድ አልተፈቀደም። ረመዳን አለቀ፣ ዒድ በየቤቱ ሆነ። ሰኔ ላይ ጋሽ ተማም መጡ ሲባል ባለቤታቸው አስሏት ቤታቸው ተዘጋ። እሷ ስትድን ልጃቸውን ያዘው። ከዛ ነገሩ ራሱ አረጀ። የትናንት መርዶ ይከብዳል፤ የወር መርዶ ግን "እስከዛሬ የት ነበራችሁ" የሚል ጥያቄ አለው። ያን ጥያቄ ማን ይመልሳል? ሁሉም ሌላውን ጠበቀ።

አብዱልሀፊዝ መጋዘን እየወረደ ያለቅሳል። ብርድ ልብስ ድምፅ ይውጣል። ራዚያ ላይ ሆና ትስላለች።

ስለ እናቷ የምትሰማው ከሚስባህ ነው። "ተኝታለች" ይላታል። "ሐኪሙ አታናግሯት ብሏል" ይላታል። አንድ ቀን ራዚያ ተቆጣች። "ድምጿን ካልላክልኝ እኔና አንተ ተለያየን" አለችው። ሚስባህ መልስ ሳይሰጥ ዋለ። ማታ በዋትሳፕ ድምፅ ላከላት።

"ልጄ፣ ደህና ነኝ። ትንሽ ወገቤን ነው። አንቺ ብርድ ላይ አትቀመጪ። አጎትሽን እርጂው፣ ብቻውን ነው።"

ይሄ ኤርጎጌ በሻዕባን፣ ከረመዳን በፊት፣ ራሷ ያስቀዳችው ነው፤ ያኔ ሳይላክ ስልኩ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ራዚያ ደስ አላት። በማግስቱ እየሳለች ደጋግማ ከፈተችው። "ወገብሽን ቅባት ይቀቡሽ፣ በረራ ሲከፈት እመጣለሁ" ብላ መልሳ ቀዳችላት።

መሪማ እቃ እያጠበች ነበር። ቧንቧውን ዘግታ ወጣች። ማታ ለባሏ፣ "ዛሬ የሞተ ሰው ሲያወራ ሰማሁ" አለችው።

"ዝም በይ።"

"ዝም ብያለሁ። ስንት ጊዜ ነው ዝም የምለው?"

"ጋሽ ተማም ይምጡ።"

"ጋሽ ተማም እስኪመጡ ልጅቷ ለሬሳ መድኃኒት ልትገዛ ነው።"

ተነስቶ ሰገደ።

ብዙ ሳይቆይ ሀገር ቤት ኢንተርኔት ተዘጋ። የሚስባህ ዋትሳፕ ሞተ። ለራዚያ ጭንቀት ነው፤ ለቤቱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እረፍት ነበር። የሚዋሽ ነገር ቀነሰ። በተራ ስልክ ሲገኝ ሚስባህ "ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ መስመሩ..." ይልና ይቋረጣል።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የራዚያ አለቃ በላፕቶፑ አናገራት። ብቻዋን ነው ያናገራት፣ እንደ ሌላ ጊዜ በሚቲንግ አይደለም። የወደቡ ግንብ ሥራ ሊጀመር ነው፣ ቦታው ላይ ሆኖ የሚስል ሰው ይፈለጋል አላት። መሬት ውስጥ የሚገባው ብረት በወረቀት እንደተሳለው አይገባም። ድንጋይ ያገኛል፣ ይጣመማል። የተጣመመውን እንደተጣመመ የሚስል ሰው ነው የሚፈለገው፤ አለዚያ በኋላ ያቺ እግር ያላት መርከብ ስትመጣ ከሥር ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። "አንቺ እያንዳንዷን መስመር ታውቂያታለሽ" አላት። በረራ እንደተከፈተ መሄድ ነው። ሁለት ዓመት። እስከ ዓርብ መልስ ስጪኝ አላት።

ራዚያ ባህር ያየችው አንዴ ነው፤ ደርባን፣ ከአጎቷ ጋር ዕቃ ሊያወጡ ሄደው፣ እሱም ከመኪና ሳይወርዱ። ማታ እራት ላይ ነገሩን ስትናገር ድምጿ ውስጥ ጉጉት ነበር። ካነሳችው በኋላ ግን መልሳ ጣለችው።

"እምቢ ልላቸው ነው" አለች።

"ለምን?" አለ አብዱልሀፊዝ።

"ለምን ትለኛለህ? በረራ ሲከፈት ወራቤ ነኛ።"

"ሂጂ" አለ።

"የት?"

"ወደቡ ነዋ።"

"እማዬስ?"

አብዱልሀፊዝ ወደ መሪማ አየ። መሪማ ወደ ሳህኑ አየች።

"እማዬ አላህ አላት" አለ።

"አላህማ ለሁላችንም አለን። እኔ የምልህ አብረን እንሂድ ነው። ላንተም እህትህ ናት እኮ። ከታመመች ጀምሮ አንድ ቀን 'ልያት' ስትል አልሰማሁህም። በስልክ እንኳ ስጠኝ፣ አቅርባት አትለውም ሚስባህን።"

"እንዲህ ያለ ሥራ ሁለቴ አይመጣም ራዚያ።"

"እናትስ ሁለቴ ትመጣለች?"

አብዱልሀፊዝ እንጀራውን ጠቀለለና ያዘው። አልጎረሰውም።

"እዚህ ሀገር ሰው ሲቆይ ድንጋይ ይሆናል ሲሉ እሰማ ነበር" አለች ራዚያ፣ ሳትጮህ። "ላንተ ነው ብዬ አላሰብኩም።"

ተነስታ ገባች። አብዱልሀፊዝ የጠቀለለውን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው።

ያኔውኑ ጋሽ ተማም ጋ ደወለ። አስረዳቸው። ልጅቷ ዓርብ መልስ ትሰጣለች፣ ሳታውቅ ሥራውን ልትተው ነው፣ ከዓርብ በፊት ይድረሱልኝ አላቸው። ጋሽ ተማም አሰቡ። ልጃቸው ከተገለለበት ክፍል የሚወጣው ቅዳሜ ነው። ሰኞ ከሱብሂ በኋላ ሁለት ሰው ከቶኮዛ ጨምረው እንደሚመጡ ነገሩት።

"ዓርብ ነው እኮ ቀኑ" አለ አብዱልሀፊዝ።

"አብዱልሀፊዝ፣ አለቃዋ ሰው አይደለም? እናቷ ሞታ ነው ሲባል ሦስት ቀን ያጣል? ፈረንጅም እናት አለው።"

ይሄ ልክ መሰለው። ሁላችንም ልክ መስሎን ነበር። ሀዘን ከተባለ የማይጠብቅ ቢሮ አለ ብሎ የገመተ አልነበረም።

ዓርብ ከጁምዓ ሰዓት በኋላ ራዚያ ጽፋ ላከች። መስጊዱ ዝግ ስለሆነ አብዱልሀፊዝ ዙህሩን እዛው መጋዘን ሰግዶ ታች ነበር። እሷ ወደ ማድቤቱ መጣች። መሪማ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"ተገላገልኩ" አለች ራዚያ። "እምቢ አልኳቸው።"

"ምን ብለሽ?"

"እናቴ ታማለች፣ ሄጄ ላስታምማት ነው ብዬ።"

መሪማ ቢላውን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"መልሰሽ ጻፊላቸው።"

"ምን ብዬ?"

"እሄዳለሁ በያቸው።"

"መሪሜ፣ አንቺም ጀመርሽ?"

"ራዚያ፣ የምታስታምሚው ሰው የለም።"

ራዚያ አየቻት። መሪማ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች፤ ልትይዛት ነው፤ ብቻዋን መሆኗን ታውቃለች፣ በሩን በጀርባዋ ዘግታዋለች። ራዚያ ግን አልወደቀችም። አልሮጠችም። የማቀዝቀዣውን እጀታ ያዘች፣ እሱ ብቻ ነው።

"መቼ?" አለች።

"ረመዳን።"

"ረመዳን" አለች ራዚያ። "ድምጿስ?"

"የሻዕባን ነው።"

"ሚስባህ ነው የላከው።"

"ጨንቆት ነው። አትፍረጂበት።"

"አልፈረድኩም።"

መሪማ እጇ እንደተዘረጋ ነው። ራዚያ አልፋት ወጣችና ላፕቶፑ ጋ ተቀመጠች። ሀሳቤን ቀይሬያለሁ፣ እሄዳለሁ ብላ ጻፈች። ምክንያት አልጻፈችም። የዓስር ሶላት ሳይሰገድ መልስ መጣ። አለቃዋ አዝናለሁ ይላል። የመጀመሪያው መልስሽ እንደደረሰኝ ኬፕታውን ላለው ልጅ ደወልኩ፣ እሱም እሺ አለ፣ ወረቀቱ ተፈርሟል፣ በሌላ ጊዜ አንቺን እናስባለን ይላል። ራዚያ አንብባ ዘጋችው። ሽንኩርቱ እንደተከተፈ ነው። ሄዳ ዘይት ጣደች።

"አላለቀስሽም" አለቻት መሪማ።

"አልመጣልኝም።"

"ይመጣል።"

"ጋሽ ተማም መቼ ነው የሚመጡት?"

መሪማ ደነገጠች። "ሰኞ። ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል? ያለሳቸው የሚነገር መርዶ አለ?" ዘይቱን አየችው። "እስከ ሰኞ ለአጎቴ እንዳትነግሪው። ማወቄን።"

"ለምን?"

"ብቻውን ነው ያለው። አሁን ካወቀ ዛሬ ነው የሚወድቀው። ሰው ሲመጣ ይውደቅ።"

ቅዳሜና እሁድ እንደ ወትሮው አለፉ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ፣ በፈረቃ ማጥፋቱ፣ ሎድሼዲንግ የሚሉት፣ ተመልሶ መጥቷል። አብዱልሀፊዝ ራዚያን ሻማው አጠገብ እያየ፣ "ሥራውን ምን አልሻቸው?" አላት።

"እምቢ አልኳቸው።"

አንገቱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ ግን ሰኞን ይዟል። ሰኞ ሲነገራት፣ ነገሩ እንዲህ ነው ብሎ ለአለቃዋ ሊያስረዳ፣ ሥራው ሊመለስ፣ እንዲህ ነው ያሰበው። እሷም አይታበታለች። እናቷን አንስታ "ሚስባህ ዛሬ አልደወለም?" አለችው። እንደ ወትሮው መጠየቅ ነበረባት። "መስመር የለም" አላት።

ሰኞ ከሱብሂ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተማም ከፊት ናቸው፣ ከኋላቸው ከቶኮዛ የመጡ ሁለት ሰዎች፣ ከነሱ ኋላ ከሁለተኛ ፎቅ ባንችይርጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ሁሉም ማስክ አድርገዋል። ጋሽ ተማም ወደ ውስጥ አልገቡም። ደፉ ላይ ቆሙ፣ እጃቸውን በሳኒታይዘር አሽተው። ከቤታቸው በሽታ ስለነበር ነው።

ራዚያ ከመኝታ ቤት ወጣች። አልተኛችም ነበር፣ ግን ፀጉሯን አላበጠረችም፤ ተኝቶ የተነሳ ሰው እንዲመስል።

"ራዚያ ልጄ" አሉ ጋሽ ተማም። "የአላህ ነን፣ ወደሱ ተመላሽ ነን። እናትሽ..."

እዚህ ላይ የሚጮህ ሰው አለ። ሁልጊዜ አለ። ሴቶቹ ለዛ ነው የሚጠጉት። ባንችይርጋ ተጠጋች፣ እጇን አነሳች፣ መልሳ ወረርሽኙ ትዝ አላትና አወረደችው። ራዚያ ቆማለች። ሰው ሁሉ እያያት ነው።

የጮኸው አብዱልሀፊዝ ነው። "እቴ" አለ። ሌላ ቃል አልነበረውም፣ "እቴ፣ እቴ" እያለ በጉልበቱ ወለሉ ላይ ወረደ። ከረመዳን ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ያፈነው ነው። ከቶኮዛ የመጡት ሰዎች ርቀቱን ረስተው ሊይዙት ሮጡ፣ ራዚያ ቀደመቻቸው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አደረገች። "አይዞህ" ትለዋለች። መርዶ የመጣላት እሷ ናት፣ የምታጽናናው እሷ ናት። ጋሽ ተማም ደፉ ላይ ሆነው ዱዓ አደረጉ።

ብዙ አልቆዩም። መቀመጥ ክልክል ነው። ባንችይርጋ የያዘችውን ሳህን በሩ ላይ አስቀምጣ፣ "የኔ እናት" ብላ ወረደች። ደረጃው ላይ ድምጿ ለረጅም ጊዜ ይሰማል።

ሦስት ሰዓት ላይ የራዚያ ሚቲንግ አለ። መሪማ "ዛሬ ደግሞ?" አለቻት። ራዚያ ላፕቶፑን ከፈተች። ሌላ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ሰዎቹ እየገቡ፣ ደህና አደራችሁ እየተባባሉ ሳለ አብዱልሀፊዝ ከኋላዋ መጣ። ፊቱን ታጥቧል፣ ኮፍያውን አድርጓል፣ ጃኬት ለብሷል።

"አለቃሽ የትኛው ነው?"

"አጎቴ፣ ተው።"

"የትኛው ነው?"

አሳየችው። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑ ውስጥ ገባ። እንግሊዝኛው የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፣ ዋጋና መጠን የሚናገር። በዛው ተናገረ። እኔ አጎቷ ነኝ። እናቷ ሞታለች። እሷ አላወቀችም። ለዛ ነው እምቢ ያለችው። ጥፋቱ የኛ ነው፣ የሷ አይደለም። ሥራውን ስጣት።

አለቃዋ መነጽሩን አወለቀ። ለራዚያ አዝናለሁ አላት፣ ከልቡ ነው። ከዛ ወደ አብዱልሀፊዝ ዞሮ መቼ ነው የሞተችው አለው።

"ረመዳን" አለ አብዱልሀፊዝ። ሰውየው አልገባውም። "ግንቦት" አለች ራዚያ።

ግንቦት አልፎ፣ ሰኔ አልፎ፣ ሐምሌ ነው። ታዲያ ለምን አልነገራችኋትም? ብሎ ጠየቀ። ተቆጥቶ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጎ ነው።

አብዱልሀፊዝ ለዚህ የሚሆን ቃል በእንግሊዝኛ አልነበረውም። ወደ ራዚያ አየ።

"ሰው እየጠበቁ ነበር" አለች ራዚያ።

"ምን ዓይነት ሰው?"

"አብሮኝ የሚቀመጥ።"

ሰውየው አንገቱን ነቀነቀ፣ ገባውም አልገባውም። ቦታው እንደተያዘ፣ ዓርብ እንደነገራት፣ አሁን ምንም ማድረግ እንደማይችል ደግሞ ተናገረ። ጥቂት ቀን እረፊ አላት። ከፈለገች ከሚቲንጉ መውጣት እንደምትችል ነገራት። እቆያለሁ አለችው።

"ምን አለ?" አለ አብዱልሀፊዝ።

"አዝናለሁ አለ።"

"ሥራውስ?"

"ሰው ገብቶበታል።"

"ዓርብ ሲል ሰማሁት። ዓርብ ምንድነው?"

"ዓርብ መልስ የምሰጥበት ቀን ነበር" አለችው። "ሌላ ምንም አይደለም።"

አመናት። ከስክሪኑ ወጥቶ በሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ላይ ተቀመጠ። መጋዘን አልወረደም። ጃኬቱን አላወለቀም፣ ባዳ ቤት እንደሄደ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሚቲንጉ ላይ ያሉት ስለ ባህሩ ወለል ማውራት ጀመሩ፣ ምን ያህል እንደሚቆፈር፣ የሚወጣው ጭቃ የት እንደሚደፋ። አንዱ የኬፕታውኑ ልጅ ነበር፣ አዲስ ስለሆነ ይጠይቃል። ራዚያ ትመልስለታለች። ይሄኛው መስመር ምንድነው ሲላት፣ የድሮው ግንብ ጫፍ ነው ትለዋለች፣ ያኛውስ ሲላት ታሳየዋለች። አብዱልሀፊዝ የሚሉት አንድም አይገባውም። ሚቲንጉ እስኪያልቅ ግን ከወንበሩ አልተነሳም።